የወንዞቻችን ጥቁር አሸዋ



የወረዳችን የስማዳ ውሃ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ይወርዳል። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በሸሸበት አሸዋ ላይ ቀጭን ጥቁር ንጣፍ ተኝቶ ይቀራል። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ጥቁር አሸዋ ነው።

ጎርፍ ቀላሉን አርቆ ይወስዳል፤ ከባዱን ይጥላል። ነጩ የአሸዋ ቅንጣት፣ ኳርትዝ፣ ከእኩል ይዘት ውሃ 2.65 እጥፍ ይከብዳል። የብረት ማዕድኑ ማግኔታይት ከ5 እጥፍ በላይ፣ ንጹሕ ወርቅ 19.3 እጥፍ ነው። ስለዚህ ከባዱ የሚከማቸው የውሃው ጉልበት በሚደክምበት ስፍራ ነው፤ በመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር፣ ከቋጥኝ ጀርባ፣ ይበልጡን ደግሞ ከጠጠሩ ሥር ባለው የዓለት ስንጥቅ። ወርቅ አጣቢም በገበቴው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እያሽከረከረ፣ እያዘነበለ ቀላሉን ያፈስሳል፤ በመጨረሻ ጥቁሩ አሸዋ ይቀርለታል፤ ወርቅ ካለም የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነው።

ወርቅ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ግን ወንዙ የሸረሸረው ዓለት ነው። እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የቆሙበት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው፤ የጉና ተራራም ከዚያ በኋላ የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነው። ባዛልት ሲፈራርስ የሚለቅልን ማግኔታይትና ኢልሜናይት፣ ማለትም የብረትና የቲታኒየም ማዕድን ነው። የአገራችን የደለል ወርቅ የሚታጠበው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው ዓለቶች በተገለጡበት ነው፤ በጉጂ አዶላ፣ በቤኒሻንጉል፣ በጋምቤላ አኮቦ፣ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ። በወለጋ ዩብዶ፣ በብርብር ወንዝ አካባቢ፣ ከወርቅም የሚከብደው ፕላቲኒየም ታጥቦ ወጥቷል።

ታዲያ ገበቴ ለእኛ ምን ይረባናል? አዶላ መልስ አለው። እዚያ በደለል የተጀመረው ሥራ በኋላ በለገደንቢ ወደ ዓለት ወርቅ አድጓል። ከወንዝ የታጠበ ከባድ አሸዋ ከላይ ያለውን አገር ዓለት ይናገራል፤ አሳሾችም ዛሬ ድረስ ይህንኑ ናሙና ይሰበስባሉ። በመሣሪያ እጥረት የሚቸገር ትምህርት ቤት እንኳ ገበቴና ማግኔት አያጣም። ተማሪዎች ከየወንዙ አሸዋ አጥበው፣ በማግኔት ለይተው፣ የተገኘበትን ስፍራ ቢመዘግቡ ለወረዳችን ትልቅ የማዕድን ትምህርት ይሆናል።

ከጥቁሩ አሸዋ ቲታኒየም አውጥተን እንሽጥ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። በኬንያ ክዋሌና በደቡብ አፍሪካ ሪቻርድስ ቤይ ይህ ተሠርቷል፤ ግን በባሕር ጠረፍ አካባቢ በተከመረ እጅግ ብዙ አሸዋ ነው። የእኛ ቀጭን ንጣፍ የማውጣቱን ወጪ አይሸፍንም። ዛሬ ገበያ ያለው የግንባታ አሸዋችን ነው፤ እሱም የወንዙ ዳር እስካልተናደ ድረስ ብቻ ይጠቅመናል።

ወጣቶች ሆይ፣ ወርቅ ተገኘ የሚል ወሬ ሲመጣ ማሳ አታፍርሱ። የሚያብለጨልጨውን ቅንጣት በመዶሻ ምቱት፤ ወርቅ ይጠፈጠፋል፣ ሌላው ይደቅቃል ወይም ይላጣል። ወርቅ ለመለየት ብላችሁ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ከቶ አትንኩ፤ ትነቱ ነርቭ ይጎዳል። የተጠፈጠፈ ነገር ካገኛችሁም ናሙናውን ለወረዳው የማዕድን ባለሙያ አሳዩ፤ ቁፋሮ ያለ ፈቃድ አትጀምሩ።