ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ገበያ አመራረጥ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ትልቅ ፍልስፍና ለመናገር አይደለም። ስለ ሽንኩርት፥ ስለ ሽሮ፥ ስለ ዘይትና ስለ እንጀራ ለመናገር ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህማ የጓዳ ወሬ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ አይመጥንም» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ነገር ስለ ሆነ እሱን አስቀድመን እንናገራለን።

እኛ አምስት ተማሪዎች ነን። ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ አንዲት ክፍል ተከራይተን በጋራ እንኖራለን። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በአንድ ረቡዕ ቀን ከመካከላችን አንዱን ለምሳ ብንጠራው «እናንተ ብሉ፥ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለን። ዓርብም እንዲሁ አለ። በሚቀጥለው ረቡዕም ደገመው። እንደምታውቁት ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ኀምሳ ቀኖች የረቡዕና የዓርብ ጾም የለም። እርሱ ደግሞ የቄስ ልጅ ነውና ይህን ሳያውቅ የሚቀር ሰው አልነበረም። ነገሩ ሲጣራ የሚያዋጣው ገንዘብ አልቆበት፥ በጓደኞቹ ገንዘብ መብላትም አሳፍሮት ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ትምህርት ማቋረጡንም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ያን ዕለት ማታ አምስታችንም አንድ ደብተር አወጣንና የምንገዛውን ሁሉ፥ ዋጋውን፥ ሚዛኑንና የገዛንበትን ቦታ መጻፍ ጀመርን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ደብተር የተማርነውን ነው።

በመጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደ ወጣ መረዳት ይገባል። ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ «ነጋዴው ስግብግብ ስለ ሆነ» እንላለን። ስግብግብ ነጋዴ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስግብግብነት ዘንድሮ አልተፈጠረም። የምንጠቀምበት የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም የዘይት ዋጋ ናረ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ለሳምንታት ከለከለች። ነዳጃችንም ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ድጎማ ቀስ በቀስ እየተነሣ ስለ ሄደ ጤፍና ሽንኩርት የሚያመላልሰው መኪና ኪራዩን ጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ሁሉ ተደማምሮ በእኛ ሳህን ላይ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲባል የምንሰማ ጊዜ ሽንኩርቱ የሚረክስ ይመስለናል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአገራችን የዋጋ ንረት በመቶ ከ30 በላይ ነበር። ለምሳሌ በ100 ብር ይገዛ የነበረ አስቤዛ በዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት እንዲሁ ቢጨምር 169 ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት ንረቱ በግማሽ ቀንሶ 15 በመቶ ቢሆን አስቤዛው ወደ 194 ብር ይደርሳል እንጂ ወደ 100 አይመለስም። የቀነሰው የአወጣጡ ፍጥነት ነው። ከቤት የሚላክልን ገንዘብ ግን እዚያው ባለበት ቆሟል።

እንግዲህ የት እንግዛ? ወደሚለው እንምጣ። በደብተራችን ካገኘነው ትምህርት ዋናው ይህ ነው፤ ለሁሉም ነገር የሚረክስ አንድ ገበያ የለም። የገበያው ምርጫ የሚወሰነው በዕቃው ጠባይና በምንገዛው መጠን ነው።

የማይበላሸውን ነገር፥ ማለት ምስር፥ የአተር ክክ፥ ሽሮ፥ ጨው፥ ዘይትና ሩዝ፥ ብዙ ሆኖ ከሩቅ መግዛት ይጠቅማል። ለዚህም መርካቶ እህል በረንዳና ሾላ ገበያ አሉ። ግን የታክሲውን ሒሳብ አትርሱ። በሰፈራችንና በሩቁ ገበያ መካከል በኪሎ የ20 ብር ልዩነት አለ እንበል፤ የደርሶ መልስ ታክሲ ደግሞ 60 ብር ይሁን። 2 ኪሎ ብቻ የሚገዛ ሰው 40 ብር አተረፍሁ ሲል 20 ብር ከስሮ ይመለሳል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለዚህ ነው። 10 ኪሎ የሚገዛ ግን 200 ብር አትርፎ፥ የታክሲውን ከፍሎ፥ 140 ብር ይዞ ይገባል። ስለዚህ ሩቅ ገበያ ለብቻ የሚኬድበት አይደለም፤ ለአምስት፥ ለዐሥር ሰው የሚገዛ አንድ መልእክተኛ የሚላክበት ነው።

ቶሎ የሚበላሸውን፥ ማለት ቲማቲም፥ ቃሪያና ጎመን፥ በቅርብ ካለው ጉልት በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ይሻላል። በመደብ የሚሸጠው ቲማቲም በኪሎ ሲታሰብ ውድ ነው፤ ሆኖም ለዛሬ የሚበቃንን ብቻ ስለምንገዛ የሚጣል የለም። እኛ በረከሰ ዋጋ ብለን 5 ኪሎ ቲማቲም ገዝተን እኩሌታውን የጣልንበት ሳምንት በደብተሩ ተጽፎ አለ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ መጥቶ ሳለ ለስድስት ኪሎ ተማሪ ጅምላው በእግር የሚደረስበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ግን በጉልትና በጅምላ መካከል ያለው መንገድ ረዝሟል፤ ያንንም መንገድ የምትከፍልልን የጉልቷ እናት ናት።

የእሁድ ገበያም አለ። እዚያ ከአምራቹ ወይም ከገበሬዎች ማኅበር የመጣ እህልና አትክልት ይገኛል፤ ሆኖም ከመሄድ በፊት የሰፈሩን ዋጋ ማወቅ ያሻል፤ አለዚያ የረከሰውን ካልረከሰው መለየት አይቻልም። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቆችም ዘይትና ስኳር የሚመጣበትን ቀን ለጠየቀ ሰው ጥቅም አላቸው።

በቅርብ ሱቅ በዱቤ መግዛትስ? ስለዚህ ነገር እውነቱን እንናገር። ባለሱቁ በደብተሩ ጽፎ ሲሰጠን ባንክ የማይሰጠንን ብድር መስጠቱ ነውና ክብር ይገባዋል፤ ዕዳውንም በቀኑ መክፈል ግዴታችን ነው። ነገር ግን በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ ሚዛንም አያይም። እኛ ደብተራችንን ከባለሱቁ ደብተር ጋር ስናስተያይ ብዙ ገንዘባችን የሄደው በየቀኑ «ጻፈው» እያልን በወሰድነው ብስኩትና ለስላሳ ነበር።

ስለ ሚዛንም አንድ ቃል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውኃ ይዞ ወደ ገበያ የሄደ ሰው የሚዛን መፈተኛ በእጁ ይዟል፤ ፕላስቲኩ ጥቂት ቢጨምር ነው። ዘይት ደግሞ ከውኃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ ከአንድ ኪሎ ያንሳል። አንዱ ሱቅ በሊትር፥ ሌላው በኪሎ ቢነግራችሁ ሁለቱን ዋጋ እንዲሁ አታወዳድሩ። ዳቦና እንጀራም ዋጋቸው ሳይነካ መጠናቸው ሊያንስ ይችላልና ዐይናችሁ ዋጋውን ብቻ አይመልከት። የተፈጨ በርበሬ ባዕድ ነገር ሊገባበት ስለሚችል ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ከሆድ ሕመምም፥ ከሐኪም ወጪም ያድናል።

አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን። ሱፐር ማርኬት ገብተን የተለጠፈውን ዋጋ ያለ አንድ ቃል ከፍለን እንወጣለን፤ ከጉልቷ እናት ጋር ግን ለአንድ መደብ ድንች ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን፤ ያም አልበቃ ብሎን ምራቂ እንጠይቃለን። እርሷም የምትገዛው ከዚያው ከተወደደው ገበያ ነው። ቁጠባችን ከእኛ ይልቅ በደኸየው ሰው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ቁጠባ ሊባል አይገባውም።

ይህ ነገር በአንድ ክፍል ተወስኖ እንዳይቀር ከሌሎች ታሪክ እንማር። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 የሚሆኑ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች በነፍስ ወከፍ አንድ ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ሱቅ ከፈቱ። የሸጡት ዱቄት፥ ቅቤ፥ ስኳርና ሻማን የመሰለ ነገር ነበር። ደንባቸውም ያልተቀላቀለ ዕቃ፥ ትክክለኛ ሚዛን፥ ዱቤ የሌለበት ሽያጭ፥ ትርፉም እያንዳንዱ በገዛው መጠን እንዲከፋፈል የሚል ነበር። በዓለም ላይ የተስፋፋው የሸማቾች ማኅበር አብነቱን የወሰደው ከእነርሱ ነው። በአገራችንም በደርግ ዘመን የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ነበር፤ ወላጆቻችን ሰልፉን ያስታውሱታል። ኋላም በአዋጅ ቁጥር 147/1991፥ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአባላት ፈቃድ የሚቋቋሙበት ሕግ ወጥቷል። እንግዲህ መንገዱ አዲስ አይደለም። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ አባቶቻችንም ያሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በየሳምንቱ ሰኞ የዐሥር ዋና ዋና ምግቦች ዋጋ ከሾላ፥ ከመርካቶ፥ ከእሁድ ገበያና ከሰፈር ሱቅ ተጠይቆ፥ ቀኑ ተጽፎበት፥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፥ ከግቢ ውጭ የምንኖር ተማሪዎች በየሰፈራችን እየተቧደን የማይበላሸውን ዕቃ በወር አንድ ጊዜ በጋራ እንግዛ። እህል ከመከር በኋላ በታኅሣሥና በጥር ከክረምቱ ይልቅ ስለሚረክስ የዓመቱን ምስርና ሽሮ ያን ጊዜ ማሰብ ይገባል። ገንዘብ ያዡ በየወሩ ይለወጥ፤ ሒሳቡም ለሁሉ ይነበብ።

ሦስተኛ፥ ከጋራው ግዢ ከሚተርፈው ጥቂቱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ገንዘብ ያለቀበት ጓደኛ ስሙ ሳይጠራ፥ ምክንያት ሳይጠየቅ፥ ድርሻው ይሸፈንለት። ከመምህራኖቻችንም በዚህ ለመርዳት የሚፈቅድ ቢኖር በደስታ እንቀበላለን። የመምህር ደመወዝም ከእኛ ኪስ ብዙ እንደማይርቅ እናውቃለን።

«የኑሮ ውድነትን የሚያበርደው መንግሥት እንጂ ተማሪ አይደለም» ትሉን ይሆናል። ልክ ነው። የእኛ ደብተር ምንዛሪውን አያስተካክልም፤ መንገዱንም አያሳጥርም። ዋጋ እንዲስተካከል መጠየቅ መብታችን ነው፤ በዚህም አንተኛም። ነገር ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ ምሳ የሚበላበት ሰዓት በየቀኑ ይደርሳል።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ ጋር ይበላል። የዚህ ወር ገንዘብ ያዥም እርሱ ነው፤ ይህን ታሪክ እንድንናገር የፈቀደልንም እርሱ ነው። እናንተም ወደየክፍላችሁ ስትመለሱ ጾም በሌለበት ቀን የሚጾም ሰው በአጠገባችሁ እንዳለ እንድትመለከቱ አደራ እንላለን።