ስለ ቆሽት ነቀርሳና ተጣምሮ ስለሚሰጥ መድኃኒት
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ኬሞቴራፒ ስለማይበግረው የቆሽት ነቀርሳ፥ ማለት ካንሰር፥ ሲሆን ነገሩን ከራያ ቆላ ማሽላ እንጀምራለን። ቀልድ የሚመስላችሁ ጥቂት ታገሡን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን።

ከቆቦ እስከ አላማጣ ያለ ገበሬ ሁሉ አቀንጭራን ያውቃታል። በማሽላው ሥር ተጣብቃ ምግቡንና ውኃውን ትመጠዋለች፤ ከአፈር ወጥታ በምትታይበት ጊዜ ጉዳቱ አብዛኛው ደርሷል። ዘሯ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ይነቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህን ምልክት እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ አራብተዋል፤ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከዘሮቹም አንዱ በወረዳችን ያለችውን የጎብዬን ስም ይዟል። ሆኖም ዘሩ ብቻውን አይበቃም ተብሎ ከማዳበሪያና ውኃ ከሚይዝ ቦይ ጋር ነበር ለገበሬው የቀረበው።

በቆሽት ነቀርሳ ግን እምቢተኛው ጠላት ራሱ ነው። ከመቶ 90 በሚበልጡት ሕሙማን ኬራስ የተባለው ጂን ተበላሽቶ ሴሉን ያለ ዕረፍት «ተባዛ» ይለዋል። ፒ53 የተባለው፥ የተጎዳ ሴል እንዲሞት የሚያዝዘው ጂን፥ ደግሞ በብዙዎቹ ከሥራው ወጥቷል። በዚህም ላይ ዕጢው ዙሪያውን በጠነከረ ሥጋ ስለሚታጠር በደም ሥር የተሰጠው መድኃኒት እንደ ልብ አይገባም።

እንግዲህ የሊቃውንቱ አሳብ፥ የተገራ ቫይረስ ጠቃሚ ጂን ተሸክሞ ይግባ፥ ኬሞቴራፒውም ያግዘው የሚል ነው። አሳቡ ያምራል። ነገር ግን ውጤቱ በ2013 በታተመው ትልቅ ሙከራ ታየ፤ ዕጢ የሚያጠፋ ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን ከኬሞቴራፒና ከጨረር ጋር ተሰጥቶ፥ ጂኑን ካገኙትም ካላገኙትም እኩሌታው ከ10 ወር ያህል አላለፈም። በአንጻሩ በ2011፥ ያለ አንዳች ጂን፥ አራት መድኃኒቶችን ማጣመር በሽታው የተሠራጨባቸውን ሕሙማን መካከለኛ የመኖር ጊዜ ከ6.8 ወር ወደ 11.1 ወር አድርሶታል፤ ለዚያውም አካላቸው ለሚችለው። ከዚያ ወዲህ የዕጢውን አጥር የሚያሟሟ ኤንዛይም የሚያሠራ ቫይረስ ከጄምሲታቢን ጋር ተሞክሯል። እኛ ተስፋ የምናደርገው በዚህኛው መንገድ ነው።

ለቆቦ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። ይህ ነቀርሳ የመዳን ተስፋ ያለው ሳይሠራጭ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ነው፤ በሠለጠነው ዓለም እንኳ ከአምስት ሕሙማን አራቱ ያህል የሚመጡት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በቆሽት ራስ ላይ ያለ ዕጢ የሐሞትን ቱቦ ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ሰገራ ይነጣል፤ ገላ ያሳክካል። ሕመም ላይኖርም ይችላል። በአገር ቤት ይህ ሁሉ «የወፍ በሽታ» ይባልና በቅጠልና በጠበል ሳምንታት ያልፋሉ። ጠበሉን አንነቅፍም፤ የወፍ በሽታም ብዙ ጊዜ በእውነት የጉበት በሽታ ነው። ነገር ግን ዕድሜው የገፋ፥ የከሳ፥ ያለ ሕመም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሳይውል ሳያድር የሆድ አልትራሳውንድ ይነሣ፤ የቱቦውን መስፋት ያሳያልና። ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አያሻም።

ለክረምት ወደ ቆቦ የምንወርደው ይህንኑ ለወላጆቻችንና ለጤና ኬላ ሠራተኞች ለመንገር ተስማምተናል። የሕክምና ተማሪዎች በአንድ ገጽ አማርኛ ቢጽፉልን፥ በማኅበሩ ማባዣ 200 ቅጂ እናወጣለን።