ስለ ሣልስ ዘር

ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ፣ እያንዳንዱም ጎኑ 1 ሜትር የሚለካ የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ሰው፣ የሚይዘው ውኃ እጥፍ እንዲሆንለት ሽቶ ጎኑን ሁሉ 2 ሜትር አድርጎ ቢያሠራው፣ 2,000 ሊትር ሲጠብቅ 8,000 ሊትር ይሆንበታል፤ 2 ሦስት ቦታ ተጽፎ ሲባዛ 8 ነውና። ከጎን ተነሥቶ ይዘትን ማግኘት ማባዛት ብቻ ነው፤ ከይዘት ተነሥቶ ወደ ጎን መመለስ ግን ተማሪዎች ኪዩብ ሩት ወይም ሣልስ ዘር የሚሉት ነው። የ27 ሣልስ ዘር 3፣ የ125ም 5 ነው።

ስለዚሁ ነገር የጥንት ጽርዓውያን እጅግ ደክመዋል። በዴሎስ ደሴት ቸነፈር በገባ ጊዜ፣ የአጵሎን ምሥዋዕ ቅርጹ ሳይለወጥ እጥፍ ይደረግ የሚል ቃል ወጣ ተብሎ ይተረካል፤ ከዚያም ወዲህ ጠቢባን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ የ2ን ሣልስ ዘር ለመንደፍ ለብዙ ዘመን ሲጣጣሩ ኖሩ። ያልሆነላቸውም ጥበብ ስላነሳቸው ሳይሆን፣ ነገሩ በእነዚያ ሁለት መሣሪያዎች ፈጽሞ የማይቻል በመሆኑ እንደ ነበረ ፈረንሳዊው ፒየር ቫንትዜል በ1837 እ.ኤ.አ. አረጋገጠ። ትልቅ ክብር የሚገባው ሥራ ነው፤ አለመቻልን በማስረጃ ማሳየት ከመቻል የማያንስ ዕውቀት ይጠይቃልና።

በእርሳስና በወረቀት ግን የፈለግነውን ያህል ልንቀርበው እንችላለን። 2 ሜትር ኩብ ለሚይዘው ማጠራቀሚያ ጎኑን 1.25 ብለን እንገምት። ርዝመቱም ወርዱም 1.25 ከሆነ፣ 2ን ለ1.25 ሁለት ጊዜ ስናካፍለው ቁመቱ 1.28 ሆኖ ይወጣል፤ ሦስቱ እኩል አለመሆናቸውም ግምታችን ጥቂት ማነሱን ይመሰክራል። እንግዲህ ሦስቱን ጎኖች ማለት 1.25ን፣ 1.25ንና 1.28ን ደምረን፣ ድምሩን 3.78ን ለ3 እናካፍላለን፤ 1.26 ይደርሰናል። ይህ ሦስት ቦታ ሲባዛ 2.000376 ነው፤ ለግንበኛ ከበቂ በላይ ነው። የበለጠ ለማጥራት የሚሻ 1.26ን አዲስ ግምት አድርጎ ሥራውን ይድገም።

የተሰጠው ቍጥር የሙሉ ቍጥር ኩብ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ አጭር መንገድ አለ። 54,872ን እንውሰድ። ከ1 እስከ 9 ካሉት ቍጥሮች ኩባቸው በ2 የሚያልቀው 8 ብቻ ስለሆነ የዘሩ መጨረሻ 8 ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ስንተው የሚቀረው 54 በ27ና በ64፣ ማለት በ3ና በ4 ኩብ መካከል ስለሚውል መጀመሪያው 3 ነው፤ ስለዚህ ዘሩ 38 ነው። ነገር ግን ቍጥሩ 54,873 ቢሆን ይኸው መንገድ 37 ብሎ ያሳስተናል፤ የ37 ኩብ 50,653 ነውና። እንዲህ ያለ ሲገጥመን ከ38 ተነሥተን ወደ ማካፈሉ እንመለሳለን፤ ዘሩም 38.0002 ገደማ ሆኖ ይገኛል።