ቡና የሚፈላበት ወለል

«አንቺ፣ የዴንቨር አየር እኮ እንጨት ያደርቃል!» ሲል የፕሮግራሙ አቅራቢ ስለ ቤት ወለል ጨዋታውን ከፈተ። ባልደረባው ሳቀች። እውነቱን ነው፤ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደረቅ ከተማ፣ በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲበራ እንጨት ይኮማተራል፤ በሳንቃዎቹ መካከልም ክፍተት ይታያል።

«ታዲያ ለወለል ላሚኔት ይሻላል?»

«ጭረት ይችላል፤ ውስጡ ግን የታመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጠማ ውሃ ካንጠባጠበበት ያብጣል» አለችው። የቪኒል ወለል ደግሞ ውሃ አይፈራም፤ ጠላቱ የቡናው ከሰል ምድጃ ሙቀት ነው። ልጆች ለሚቦርቁበት ቤት እሷ የመረጠችው የላይኛው መከላከያው 20 ሚል፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ፣ የሆነውን ነው።

ስለ ላሚኔት ደህንነት ደግሞ እሱ እ.ኤ.አ. 2015ን አነሳ። «60 ሚኒትስ» የተሰኘው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ላምበር ሊኩዊዴተርስ የተባለው የወለል ሻጭ ኩባንያ ይሸጠው ከነበረው የቻይና ላሚኔት ስለሚወጣው ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ዘገበ፤ ኩባንያውም ሽያጩን በዚያው ዓመት አቆመ።

«በጎረቤት ከተማ አውሮራ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ላሚኔት ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የፎርማልዴሃይድ ገደብን ማሟላቱን የሚገልጸው ‹ቲኤስሲኤ ታይትል 6› መጻፉን እዩ።»