በሠራተኛ አስተዳደር ክፍልና በቅርብ የሥራ ኃላፊ መካከል ያለው የኃላፊነት ድንበር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በአንድ የሥራ ቦታ ሠራተኛውን በየዕለቱ የሚያዘው ማን ነው? የሚቀጥረውና የሚያሰናብተውስ? የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ለአድልዎ በር ይከፈታል፤ እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ሠራተኛው ባለቤት ያጣል። የዚህ ንግግር ዓላማ በሁለቱ መካከል ድንበሩ የት ሊሰመር እንደሚገባው መመርመር ነው።

ጉዳዩ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1903 ለአገሩ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የአንዱን ፎርማን ሥራ ለስምንት ኃላፊዎች አከፋፍሎ፣ ከስምንቱ አንዱ የሥነ ሥርዓትን ጉዳይ ብቻ እንዲከታተል ሐሳብ አቀረበ። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል ግን እ.ኤ.አ. በ1916 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ መሆን አለበት በማለት ይህን ሐሳብ ነቀፈ። በአገራችንም በ1950ዎቹ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ ከታሰቡት ዓላማዎች አንዱ ቅጥርና ዕድገት በችሎታ እንጂ በዝምድናና በአማላጅ እንዳይሆን ነበር። እንግዲህ አንደኛው ወገን የሙያን ልዩነት፣ ሌላው የትእዛዝን አንድነት ተመልክቷል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ነገሩን በተግባር ለማየት በጌዴኦ ዞን ከዲላ በስተደቡብ ወደምትገኘው ሬኮ መሄድና የአካባቢውን የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሠራር መመልከት ይበቃል። እሸት ቡና በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቅሞ ያልቃል። ቀን የተለቀመው እሸት ሳይውል ሳያድር ተፈልፍሎ ወደ ማብላያው ገንዳ መግባት አለበት፤ ከታጠበ በኋላም በአልጋ ላይ ሲደርቅ ሳይቋረጥ መገላበጥ፣ ከቀትር ፀሐይና ከሌሊት ጤዛ መሸፈን፣ እንከን ያለበትም በእጅ መለየት ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ ከሚሰማሩት መካከል ብዙዎቹ ለወቅቱ ብቻ የሚቀጠሩ ሲሆኑ፣ በአልጋው ዙሪያ ቆመው የሚለቅሙት በአመዛኙ ሴቶች ናቸው። የጣቢያው ኃላፊ ሬኮ ላይ እያለ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ዲላ ወይም አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ቡናው ወረቀት አይጠብቅም፤ የሕጉም ቀን ቡናውን አይጠብቅም።

ከለቃሚዎቹ አንዲቱ ከሥራዋ ደጋግማ ቀረች እንበል። የቀረችባቸውን ቀኖች የሚያውቀው፣ ልጅ ታሞባት እንደሆነም ሊጠይቃት የሚችለው ተቆጣጣሪዋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት የሥራ ቀናት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ውሉ ወዲያውኑ ሊቋረጥ የሚችለው ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ተነግሮት እንደሆነ ነው ይላል። አሠሪውም ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይህ መብቱ ይቀራል። ተቆጣጣሪው በቃል ብቻ ተቆጥቶ ቢያልፍ በሕግ ፊት የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ የለም። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ቢላት ደግሞ ሠራተኛዋ ምክንያቱ በጽሑፍ ያልተገለጸ ስንብት ይደርስባታል፤ ድርጅቱም ለሥራ ክርክር ችሎት የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። በአንጻሩ ጽሕፈት ቤቱ የሰዓት መቆጣጠሪያውን ብቻ አይቶ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ፊቷን ያላየ ሰው ፈረደባት ማለት ነው።

ቅጥርም እንደዚሁ ነው። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በቃል የቀጠረው ተቆጣጣሪ ለጽሕፈት ቤቱ ሳያሳውቅ ከቆየ፣ የወቅቱ ጉልህ ክፍል ሠራተኛዋ በእጇ ምንም ወረቀት ሳትይዝ ያልፋል። ለመፈልፈያው ማሽን አዲስ ኦፕሬተር ሲቀጠርም ችሎታውን የሚመዝነው አጠገቡ ያለው ኃላፊ ነው፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 45 ቀን የነበረው የሙከራ ጊዜ አሁን 60 የሥራ ቀናት መድረሱን አውቆ ቀኑን የሚቆጥረው ግን ሠራተኛ አስተዳደር ነው።

ከዚህ የሚገኘው መርህ ግልጽ ነው፤ ሥራውን የሚያየው ስለ ሰውየው ይመስክር፣ ሕጉንና መዝገቡን የያዘው ምስክርነቱን ይመርምር። ስለዚህ የሚያስፈልገውን የሰው ብዛትና ሙያ መወሰን፣ ማሠልጠን፣ ከአደጋ መጠበቅ፣ የቀረውን በዕለቱ መመዝገብ፣ ሠራተኛውን ማነጋገርና የእርምጃ ሐሳብ በጽሑፍ ማቅረብ የቅርብ ኃላፊው ድርሻ ይሁን። ውሉን ማዘጋጀት፣ ቀኖቹን መቁጠር፣ በአንድ ጣቢያ በተግሣጽ የታለፈ ጥፋት በሌላው ለስንብት እንዳያበቃ ማመዛዘን፣ የጎደለውንም ሐሳብ ምክንያቱን ገልጾ መመለስ የሠራተኛ አስተዳደር ድርሻ ይሁን። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳዩ በተወሰነ ቀን ውስጥ ለሥራ አስኪያጁ ይቅረብ።

ይህ አካሄድ ሥራ ያጓትታል፤ ይልቅስ ሥልጣኑ በሙሉ ለጣቢያው ኃላፊ ይሰጥ የሚሉ አሉ። መፍጠን እንደሚያስፈልግ አይካድም። ነገር ግን የመቅጠር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው በአዋጁ ትርጉም የሥራ መሪ ስለሚሆን፣ አዋጁ ለሠራተኛ ከሚሰጠው ጥበቃ ውጭ ይሆናል። በቃል «አንተው ጨርሰው» የተባለ ኃላፊ ምን እንደተረከበና ምን እንዳጣ ሳያውቅ ይቀራል። ውክልና የሚሰጥ ከሆነ ወሰኑ ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጥ፤ በየጣቢያው ውልና ማስጠንቀቂያ ማዘጋጀት የሚችል ጸሐፊም ይመደብ። ይህ ከሆነ ፍጥነትና ሥርዓት አይጣሉም።

ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ ለማሽን ተቀጥረው ውሎ አድሮ ሰው መምራት ይገጥማቸዋል። አንዳንዱም ማሽኑ ሲበላሽ ኃላፊነቱን ይቀበላል፤ የሠራተኛ ጉዳይ ሲነሣ ግን «አስተዳደር ይጠየቅ» ይላል። በመካከሉ የምትጎዳው፣ ቡናውን ከፀሐይና ከጤዛ ስትጠብቅ ከርማ የሠራችበትን ቀን የሚመሰክርላት ወረቀት የሌላት ለቃሚ ናት። ስለዚህ ሰው የሚመራ አባል ሁሉ የቡናው ወቅት ሳይገባ የሥልጣኑን ወሰን በጽሑፍ ጠይቆ ቢረከብ፣ ከሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊውም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ድንበሩን ቢያሰምር፣ ለድርጅቱም ለሠራተኛውም የሚበጀው ይህ ነው።