ብስክሌት በሐኪም ትእዛዝ

ስለ ደም ግፊት ላወራ የመጣሁ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። አልተሳሳታችሁም፤ የምመጣበት ግን በሌላ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የቦስተን ከተማና ቦስተን ሜዲካል ሴንተር አንድ ነገር ጀመሩ። ሐኪሙ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ታካሚ የከተማውን የጋራ ብስክሌት ያዝለት ነበር። ያኔ ሌላው ሰው በዓመት 85 ዶላር ሲከፍል ታካሚው 5 ዶላር ብቻ ይከፍል ነበር፤ ሄልሜቱም በነጻ ነበር።

ዋጋ መቀነስ ብቻውን ግን አይበቃም። ብስክሌት ለመውሰድ የባንክ ካርድ ከተጠየቀ፣ ካርድ የሌለው ሰው ገንዘቡን ይዞም ቆሞ ይቀራል። ፊላደልፊያ በ2015 «ኢንዲጎ»ን ስትከፍት ከመጀመሪያው በጥሬ ገንዘብ መክፈልን ፈቀደች። እኛ ቴሌብር አለን፤ በተራ ስልክም ይሠራል። «ስማርት ስልክ የሌለው አይጠቀምም» ካልን ግን ብስክሌቱ የቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ዳገቱስ? ትሉኛላችሁ። እውነት ነው! ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚነዳ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሽቅብ የሚመልሰው ነው። የታችኛው ጣቢያ ይሞላል፣ የላይኛው ባዶ ይቀራል። ብስክሌቶቹን በመኪና ጭኖ መመለስ ደግሞ ወጪ ነው፤ ያ ወጪ ዞሮ ዞሮ ተጠቃሚው ላይ ያርፋል። በ2007 ቬሊብን የጀመረችው ፓሪስም ይኸው ገጥሟት፣ ብስክሌቱን ከፍታ ላይ ወዳሉ ጣቢያዎች ለሚመልስ ሰው 15 ደቂቃ ትመርቅለት ጀመር። ላቡን ያፈሰሰ ይጠቀማል ማለት ነው፤ ለእኔማ ከዚህ የተሻለ ማዘዣ የለም።

አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር መጥቷል። እኛ በተመላላሽ ክፍል «ተንቀሳቀሱ» እያልን እንመክራለን፤ የስኳር ታካሚው ደግሞ የታክሲውና የመድኃኒቱ ሒሳብ ይሻሙበታል። የብስክሌቱ ኪራይ ከታክሲ ካልረከሰ፣ ጣቢያውም ጤና ጣቢያው ደጃፍ ካልደረሰ፣ ምክራችን ለማን ነው?

ከመካከላችሁ ጤና ቢሮም፣ ማዘጋጃ ቤትም የምትሠሩ አላችሁ። ዕቅዱ ሲረቀቅ ሐኪም ይጠራ። ስማችሁን ይዣለሁ፤ ከምሳ በኋላ እፈልጋችኋለሁ።