ላግዝ ያለ ልጅ



ይኸኔ አንድ ትንሽ ልጅ መጥረጊያ ይዞ ይከተላችሁ ይሆናል። ከቁመቱ የሚበልጥ መጥረጊያ። የጠረጋችሁትን መልሶ ይበትናል። «ተው፣ አንተ አትችልም» ለማለት እንቸኩላለን።

ልጁ ግን ሊያግዝ ነው። ማንም አላዘዘውም። ማንም ከረሜላ እሰጥሃለሁ አላለውም።

በጀርመን፣ በላይፕሲግ፣ ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተዋል። አፋቸውን በቅጡ ያልፈቱ ሕፃናት የወደቀ ዕቃ አንስተው ለማያውቁት ሰው ያቀብላሉ። ስላገዙ መጫወቻ የተሰጣቸው ግን ኋላ ላይ ማገዙን ቀነሱ። በአንዳንድ የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች መንደሮች ደግሞ ሕፃን ከሥራ አይባረርም። ሲያድግ ሳይጠሩት ተነስቶ ያግዛል።

እናቶች፣ አባቶች፣ ልጅ ላግዝ ሲላችሁ እሺ በሉት። ሥራው ቢዘገይም ይዘግይ።